ከመስታወቱ ያወረድኋቸው ሰዎች

አንዳርጌ፣ የቤቴ ሰው፤

ከተለየኸኝ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ሁለተኛው ክረምት ገብቷል። ሐይቁ ሞልቶ ደንገሉ ውኃ ውስጥ ቆሟል። አንተ ሳትኖር መሙላቱ ይገርመኛል። እንዲህ ያለ ሞኝ ነገር ነው የሚገርመኝ፤ ታውቀኛለህ።

ቤት ደህና ነው። ፓፓያው አፈራ። ጫማህ ከበሩ ኋላ ነው፤ ሁለት ጊዜ አነሣሁት፣ ሁለት ጊዜ መለስሁት። የፎቶ ቤቱን የግራ መዝጊያ በጉልበትህ ገፋ አድርገህ ነበር የምትከፍተው፤ እኔ አልቻልሁበትም። በቀኙ ብቻ እሠራለሁ። በግማሽ በር።

የምጽፍልህ ግን ለዚህ አይደለም። አንድ ነገር አጥፍቻለሁ። ከእኔ ስማው።

መስታወቱን አራገፍሁት።

በበሩ ጎን ያለውን፣ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ፎቶ የሰቀልህበትን። እማማ ዘውዴን ከነነጠላቸው፣ የዘንዘልማውን መምህር ከሦስት ልጆቹ ጋር፣ መሪጌታን ከነመቋሚያቸው፣ ትርንጎን ከነቬሏ። የእኛንም ሰርግ። ሁሉንም በአንድ ቀን አወረድሁና መስታወቱን በሳሙና አጠብሁት።

ምክንያት ነበረኝ። ከአርባህ በኋላ በሩን ብከፍት ሰው አልመጣም። ሰው ሁሉ ስልክ ይዟል። ጎንደር ያለችው እህቴ ደውላ «ዘመናዊ አድርጊው እንጂ! ቆንጆ ቆንጆ ስቀይበት፣ ቴሌግራም ክፈቺ» አለችኝ። ከፈትሁ። አሥራ አንድ ሰው ገባ፤ አንዷ እኔ ነኝ። ማተሚያ ቤት ሄጄ ከኢንተርኔት ያገኘኋትን ሙሽራ በትልቁ አሳተምሁ። አገሯን አላውቅም። ጥርሷ ያበራል።

ከዚያ ጸጥታ ሆነ። ሰው በማዶ በኩል ማለፍ ጀመረ። ሰላምታው አጠረ። ጥቁር ልብሴ ይሆን? ፊቴ ይሆን? እኔ እኮ የውስጥ ሰው ነበርሁ፤ ኮምፒውተር ላይ የሰው ፊት ሳስተካክል የኖርሁ። የበሩን ነገር የምታውቅ አንተ ነበርህ። በልቤ ቀን ቆረጥሁ፤ እስከ መስከረም አያለሁ፣ ካልሆነ ቁልፉን ለባለቤቱ እመልሳለሁ። ላንተ እንኳ፣ በሐሳቤ ለማወራህ ላንተ እንኳ፣ ይህን አልነገርሁህም።

አንድ ጠዋት እማማ ዘውዴ ከበርበሬ መደባቸው ተነሥተው መጡ። ወንበር ሳብሁላቸው፤ አልተቀመጡም።

«የሺ፣ እኔን መቼ ቀበርሽኝ?» አሉኝ።

አልገባኝም።

«ባልሽ የሚያወርደው ሰው ሲሞት ነበር። እንግዲህ ወይ እኔ ሞቻለሁ፣ ወይ አንቺ ቸኩለሻል።»

ወንበሩ ላይ እኔ ተቀመጥሁ። ያን ጊዜ ነው የሥራህ መልክ የታየኝ። መርዶ ስትሰማ መጀመሪያ የምትሄደው ወደ መስታወቱ ነበር። ፎቶውን ታወርዳለህ፣ አሳድገህ ፍሬም ውስጥ ታስገባዋለህ፣ በጋቢህ ጠቅልለህ ለቅሶ ቤት ታደርሳለህ። ለቤተሰቡ ትሰጥና ዝም ብለህ ከሰው መኻል ትቀመጣለህ። ደረት እየተመታ የሚያዘው ፎቶ ካንተ እጅ የወጣ ነበር። ሰፈሩም በመስታወቱ ላይ ባዶ ቦታ ሲያይ ሰው እንደጎደለ ያውቅ ነበር። እኔ ያን ሁሉ ዓመት ፍሬሙን እየጠረግሁ ሳቀብልህ፣ አንድ ቀን መንገድ ተሻግሬ ቆሜ አላየሁትም። አንተ ስትሞት ለራስህ ያወረደልህ የለም። በለቅሶህ የያዝሁት የመታወቂያህን ጉርድ ፎቶ ነበር።

እና እኔ በአንድ ቀን ሰፈሩን ሁሉ ገደልሁት።

ትዝ ይልሃል፣ የዱርቤቴው ሰርግ? የሙሽራዋ እናት መምጣት አቃታቸው ብለህ አንዲት ፎቶ ይዘህ በዝናብ ሄድህ። «ፎቶ አንሺ ነህ ወይስ ፖስታ ቤት?» አልሁህ፤ ሳቅህ። ከዚያ ወዲህ ስንት የዱርቤቴ ሙሽራ በራችንን ጠይቆ መጣ። እኔ ዕድል መስሎኝ ነበር።

ፎቶዎቹን በዘንቢል ይዤ ቤት ለቤት ዞርሁ። «ይቅርታ፣ ልመልስዎ?» ለማለት። አፈርሁ፣ አንዳርጌ። የመጀመሪያው ቀን የቻልሁት ሁለት ቤት ብቻ ነው። በሦስተኛው በር ላይ ቆሜ ሳላንኳኳ ተመለስሁ። በማግስቱ ዘንዘልማ ድረስ በባጃጅ ሄድሁ፤ መምህሩ «እኛ ደግሞ ምን በደልናት ስንል ነበር» አለና አራተኛ ልጁን አሳየኝ። «ይህች ከሌለችበትማ አትስቀዪው» አለ። ትርንጎ ከባሏ ተለያይታለች፤ «ብቻዬን አንሺኝ፣ ቦታዬን ግን እንዳትነኪብኝ» አለች። እማማ ዘውዴ የድሮውን አየት አድርገው «ይቺማ ልጅ ናት፤ በሽበቴ ይሁን» አሉ። የማርያም ማኅበር ተራህ ሲደርስ ጽዋውን እኔ ተቀበልሁ።

አገሯን የማላውቃትን ሙሽራ አወረድኋት፤ መስታወቱ ሞላ። አንድ ቦታ ሲቀር።

ከላይ፣ በቀኙ ጥግ፤ የሰርጋችን። አንተና እኔ፣ ከኋላችን ሸራ ላይ የተሣለው ጢስ ዓባይ። እንደ ደንብህ የሞተ ይወርዳል። ግን እኔም አለሁበት። ብሰቅለው ደንብህን አፈርሳለሁ። ባልሰቅለው፣ እኔስ? ሰው አይጠይቀኝም። ባዶውን ቦታ እያየ ያልፋል። ፎቶውን ከመሳቢያ ሳወጣና ስመልስ ሦስት ሳምንት አለፈ።

መሪጌታ ለጉርድ ፎቶ መጥተው እንደዚያ ሳመነታ አዩኝ። «ልጄ፣ እሱ ወደ ቤትሽ ይግባ» አሉ። «አንቺ ግን አለሽ። ያለ ሰው ደግሞ ይሰቀላል።»

አንሺዋ እኔ፣ ማን ያነሣኛል አልኋቸው።

«እኔ ምን ሠርቼ! ያን ሁሉ ዜማ የያዘ ሰው ይቺን ጥቁር ዕቃ ያቅተዋል?» አሉና መቋሚያቸውን ለእኔ ሰጥተው ካሜራውን ተቀበሉኝ።

አሥራ ሁለት ጊዜ ተኮሱ። አሥራ አንዱ ጣሪያና የራሳቸው አውራ ጣት ነው። በአሥራ ሁለተኛው የሸራው ጢስ ዓባይ አዘንብሏል፣ ግንባሬ ተቆርጧል፣ መቋሚያ ይዤ እስቃለሁ። አንድም ሳልነካካው ሰቀልሁት። እማማ ዘውዴ «የዚችን ግንባር ማን ወሰደባት?» እያሉ መንገደኛ ያስቆማሉ። የቆመው ይስቃል፤ አንዳንዱ ይገባል። ሁሉም አይደለም፤ አልዋሽህም፣ የሚያስፈሩኝ ቀኖች አሁንም አሉ። ቁልፉን ግን አልመልስም።

አንድ ነገር ብቻ። ብርሃኑ በሐይቁ በኩል ስለሚገባ፣ ወንበሩ ላይ የተቀመጠውን ሁሉ አገጩን በሁለት ጣትህ ይዘህ «ትንሽ ወደ ሐይቁ» ትለው ነበር። መሪጌታ ሲያነሡኝ እንዲህ ያለኝ የለም። ፎቶውን ሳየው ግን ፊቴ ወደ ሐይቁ ዞሯል።

ሰርጋችን አሁን ቤት ነው፣ ፓፓያው በሚታይበት መስኮት አጠገብ። አንተን ከመንገድ አወረድሁህ እንጂ ከዓይኔ አላወረድሁህም። እኔም ለተቀመጠ ሁሉ፣ ለሕፃኑም ለሽማግሌውም፣ ሁለት ጣቴን አገጩ ሥር አድርጌ «ትንሽ ወደ ሐይቁ» እላለሁ። በዚህ ወንበር ሰው እስከተቀመጠ ድረስ እለዋለሁ።

የሺ