በበርኖስ ሥር የታየው ቴምብር

ይድረስ ለማከብርህና ለምወድህ ታላቅ ወንድሜ ለአቶ አዲስዓለም፤

ካለህበት እንግሊዝ አገር ድረስ የናፍቆት ሰላምታዬ ይድረስህ። ለመሆኑ ጤናህ እንዴት ነው? ብርዱስ ለመድኸው ወይ? ያ ደረትህን ይይዝህ የነበረው ሳል ተወህ? እኛ ሁላችን፣ ለመድኃኔዓለም ምስጋና ይግባውና፣ በሥጋ ደህና ነን። በመንፈስ ግን እኔ ከማክሰኞ ወዲህ ልቤ አልተመለሰም። ነገሩን ስትሰማ እንዳትስቅብኝ እለምንሃለሁ።

አምና ለገና በላክኸው ደብዳቤ ላይ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ የምትታይበት ቴምብር ነበረ። እናታችን ያንን ቴምብር በእንፋሎት አስለቅቃ ከአያታችን የብራና ዳዊት ሽፋን፣ ከእንጨት ገበታው ላይ ለጥፋዋለች፤ ጠዋት ጠዋት እሱን ሳትሳለም አትውልም። ሰሞኑን ደግሞ አንድ ፈረንጅ የደብራችንን የቤተ ልሔምን መጻሕፍት ፎቶግራፍ ሊያነሣ መጥቶ ሰነበተ። የደበዘዘ ጽሕፈት የሚያነብበት፣ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ፣ ወይን ጠጅ ብርሃን የሚሰጥ መብራት ይዟል። የእናታችንም ዳዊት ይታይ ተብሎ ማክሰኞ ዕለት የነፍስ አባታችን አባ ገብረ ኢየሱስ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጨለማ ዕቃ ቤት ይዘውት ገቡ፤ እኔም ተከተልኋቸው። መብራቱ ገበታው ላይ ሲያርፍ ከእመቤታችን ግራና ቀኝ ሁለት የብርሃን መስመሮች ቀጥ ብለው ቆሙ። አባ በግንባራቸው ተደፉ። ፈረንጁ የሆነው ነገር አልገባውም፤ ቅጠሉን እየገለበጠ ሥራውን ቀጠለ።

እኔም ደነገጥሁ፤ ኋላ ግን የመጨረሻው ደብዳቤህ ትዝ አለኝ። ሥዕሉም ዋጋውም አንድ ሆኖ አንዱ ቴምብር በደብዛዛ፣ ሌላው በደማቅ ወረቀት እንደሚታተም፣ የፖስታ ቤቱ መሣሪያ ደብዳቤ እንዲለይበት ዓይን የማያየው ቅብ እንደሚሰመርበት፣ አንዳንዱም ቅቡ ተረስቶ እንደሚወጣ፣ አንተም ይህን በመብራት እየለየህ እንደምትሰበስብ ሦስት ገጽ ሙሉ ጽፈህልኝ ነበር። እውነቱን ልንገርህና፣ ከዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ እናቴ እንዴት ናት የሚል አንድ መስመር ፈልጌ አጥቻለሁ። ለእሷ ሳነብላት ከራሴ ጨምሬ ነው ያነበብሁላት። እንዲህ ያለ ውሸት ሁለተኛ እንዳታስዋሸኝ።

ለአባ ቅብ መሆኑን አስረዳኋቸው። ቅብስ ይሁን፣ ግን ከእመቤታችን ግራና ቀኝ ማን አቆመው አሉኝ። በዓይናቸው አይተው ይመኑ ብዬ በማግስቱ የንግሥቲቱ መልክ ያለባቸውን ሌሎቹን ፖስታዎችህን ይዤ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሄድሁ። ምነው እግሬን በሰበረው። ሴት ዕቃ ቤት አይገባምና አጎታችን ደሴ በርኖሳቸውን ዘርግተው ጨለማ ሠሩልን፤ ፈረንጁን ለምኜ መብራቱን ተቀበልሁና ከእናታችንና ከአባ ጋር ከሥሩ ገባን። የመጀመሪያው ቴምብር በመስመር በራ። የሁለተኛው ወረቀት እንዳለ እንደ ታጠበ ነጠላ ነጣ። ሦስተኛው ግን ጨለመ፣ ምንም አልታየበትም። አያችሁ፣ የወረቀትና የቅብ ልዩነት ነው ልል ስል እናታችን የጨለመው መቼ የመጣ ደብዳቤ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ገልብጬ ሳየው ሐኪም ቤት ተኝተህ ሳለህ የላክኸው ነው። እኔም እንዳለ ነገርኋት።

ከዚያ ወዲያ ማን ይመልሳት? ሲበራ ደህና ነው፣ ሲጨልም ታሟል ብላ ደመደመች። ሰባት ወር ሙሉ ደብዳቤህን ስትጠብቅ ከምድጃ ዳር መነሣት አቅቷት የነበረችው ሴት አሁን ብቅል ታበቅላለች፣ ጌሾ ታደርቃለች፤ ለግንቦት ልደታ ልጄ ይመጣል ብላ አገሩን ጠርታለች። የከፋው ደግሞ፣ በዚያ ዕለት አባ ዳዊቱን ዕቃ ቤት አግብተው በጧፍ ሊያዩት ቆርጠዋል። ፈረንጁ እንደሆነ ሐሙስ ጓዙን ጭኖ ወደ ላሊበላ ሄዷል። ያለ እሱ መብራት አይበራም ብዬ ብማጠናቸው፣ መብራትማ ሁሉም መብራት ነው፣ የበራችው እመቤታችን ናት አሉኝ። እናታችንም ቁርጡን ተናግራለች። ያኛው የጨለመው ሲታመም ነው፣ ይህ ከጨለመ ግን ልጄ የለም ማለት ነው፣ በዚያው ጠላ ተዝካሩን አወጣለሁ ብላለች።

ወንድም ዓለም፣ በጧፍ እንደማይበራ እኔና አንተ እናውቃለን። ስለዚህ ብትችል ና። ባትችል ዛሬውኑ ጻፍ፤ ስለ ወረቀት ሳይሆን ስለ ራስህ ጻፍ፤ የምትለጥፍበት ቴምብር ቢበራም ባይበራም ግድ የለኝም። ከልደታ በፊት ቃልህ ካልደረሰ ግን አንተ በቁምህ ሳለህ ስምህ በፍትሐት ሲጠራ ቆሜ ልሰማ ነው።

አባ ገብረ ኢየሱስ እግዚአብሔር ይፍታህ ይሉሃል። አጎታችን ደሴ በርኖሳቸው በአንተ ሰበብ የዕቃ ቤት ምትክ ስለሆነ ኪራዩን ይዘህ እንድትመጣ አሳስበዋል። እኅታችን ታንጉት ከነልጇ ጉልበትህን ትስማለች። እናታችን ግን ሰላምታ አልላከችም። ምን ልበልልሽ ብላት፣ ለአርባ ቀን ደግሞ ምን ሰላምታ ያስፈልጋል፣ ራሴው አንገቱን አቅፌ እስመው የለም ወይ አለችኝ።

ወንድምህ ቀለመወርቅ
ቤተ ልሔም፣ ጋይንት
መጋቢት ፳ ቀን ፲፱፻፷፩ ዓ.ም.