ቁልፍ ሠሪው ጋሽ ጠርጥርና ሦስቱ ትራሶች

ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ጠርጥር» የሚላቸው ታላቅ ወንድሜ ከአናጺ አባታችንና ከልብስ ሰፊ እናታችን፣ ከገበያው ጀርባ ባለች ባለ አንድ ክፍል ቤት ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው ቁልፍ ሠሪ ዘንድ በረዳትነት ገቡ፤ በኋላም ከአውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ የራሳቸውን ሱቅ ከፈቱ።

ቅጽል ስማቸው «ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አይጠፋም ስንጥር» ከሚለው አባባል የመጣ ነው። አይፈረድባቸውም፤ የማይከፈት ቁልፍ እንደሌለ የሚያውቅ ሰው ማንን ይመን? ሱቃቸውን ቆልፈው ከሄዱ በኋላ ከመንገድ ተመልሰው ጓጉንቸሩን ሳይነቀንቁ ቤት ገብተው አያውቁም።

በሃያ ስምንት ዓመታቸው የትምህርት ቤት ጸሐፊ የነበሩትን ባለቤታቸውን አግብተው ሁለት ሴት ልጆች አፈሩ። በሠርጋቸው ዕለት እንኳ ቀለበቱን ነክሰው አይተው ነው ያጠለቁት።

ከብዙ ዓመታት በኋላ ቃር ያዛቸው። ተራ ቃር አልነበረም፤ ጋደም ሲሉ የጨጓራቸው አሲድ ጉሮሯቸው ድረስ እየወጣ ያንቃቸው ነበር። ኪኒኑን ዓመት ከዓመት ቢውጡም ጠብ የሚል ነገር አልነበረም። ሳሎን ወንበር ላይ በሦስት ትራስ ተደግፈው ቁጭ እንዳሉ ማደር ጀመሩ፤ ባለቤታቸው መኝታ ቤት ብቻቸውን።

ሐኪሙ ሆድ ሳይከፈት፣ በአፍ በሚገባ ቀጭን ቱቦ የላላውን የጨጓራ አፍ ሰፍቶ ማጥበቅ እንደሚቻል ሲነግራቸው ሳቁ። «ቀዳዳው ሳይታይ የሚሰፋ ምን አለ?» አሉ፤ የልብስ ሰፊ ልጅ ናቸውና። እኔም «ጋሼ፣ ይቅርብዎ» አልኩ። ባለቤታቸው ግን «እኔ ያለኝ ባል ነው ወይስ ዘበኛ?» ብለው አለቀሱ። በዚህ ተሸነፉ።

ከሕክምናው ማግስት ሸሚዛቸውን ገልበው መስታወት ፊት ጠባሳ ፈለጉ፤ ሲያጡ «ተበላሁ!» አሉ። ለሳምንታት በሾርባና በወተት ከከረሙ በኋላ ግን ትራሶቹ አንድ በአንድ ቁም ሣጥን ገቡ። ወንድሜ ከባለቤታቸው ጎን በጀርባቸው ተጋድመው ማንኮራፋት ያዙ።

ከሕክምናው በኋላ በሁለተኛው ዓመት፣ ባለፈው ማክሰኞ፣ በስድሳ ሰባት ዓመታቸው እንደተኙ አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ልጆቻቸውንና እኔን ትተውን ሄዱ። ሐኪሞቹ «ልብ ነው» ብለዋል። እኔ አልተዋጠልኝም፤ የዚያ ቱቦ ነገር አሁንም ይከነክነኛል። ትናንት አስከሬናቸው ሣጥን ውስጥ ሲገባ ሦስቱን ትራሶች አውጥቼ «ከራስጌያቸው እናድርግላቸው፣ ቢያንቃቸውስ?» ብል፣ ባለቤታቸው ከእጄ ተቀበሉኝና «ተው እንጂ፣ ድኗል እኮ» አሉኝ።

እነሆ ወንድሜ ያለ ትራስ ተኝተዋል። ፈጣሪ ሳይጎረብጣቸው ያሳርፍልን።