ተዘዋዋሪዋ የእሳት ማጥፊያና የታሸገው ሳሎኔ

ለተከበሩ አቶ ዲበኩሉ
የአነስተኛ ንግድ ቤቶች የአደጋ ዝግጁነት አስተባባሪ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

የተከበሩ አቶ ዲበኩሉ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ቤተሰብዎ፣ ወንበርዎ፣ ማኅተምዎ ሁሉ ደኅና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ሳሎኔ ግን ከታሸገ አምስት ሳምንት አልፎታል። ሥራ ስለሚበዛብዎት ምናልባት ዘንግተውት ከሆነ፣ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ ያለው፣ ሁለት የፀጉር ማድረቂያ ካስክና አንድ የፀጉር መታጠቢያ ያለው፣ በሩ ላይ የእርስዎ ወረቀት የተለጠፈበት ቤት ነው።

ፈትለወርቅ እባላለሁ። መቱ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሰው ፀጉር ሠርቼ ኖሬያለሁ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው፣ ቢሮዎ ገብቼ የነገርኩዎትን ሁሉ ገና ከበሩ ሳልወጣ ስለረሱት ነው። የንግድ ፈቃዴ ይሰረዝ አይሰረዝ ብሎ የሚወስነውን ኮሚቴ የፊታችን ሐሙስ እርስዎ እንደሚመሩት ሰምቻለሁና፣ ከዚያ በፊት ምስጋናዬን በተራ በተራ ላቅርብ።

1ኛ. በጥቅምት ወር ስለሰጡን ሥልጠና አመሰግናለሁ። ማንም አልገባኝም እንዳይል ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በአማርኛ አስረዱን፤ በመጨረሻም ቀይዋን የእሳት ማጥፊያ አንስተው፣ ፒኗን ነቅለው፣ እሳት በሌለበት አዳራሽ ውስጥ እስክታልቅ ድረስ ዱቄቷን ነፉት። ከፊት ወንበር የተቀመጠችው የጎረቤት ከተማችን የኖፓ የሳሎን ባለቤት ተጂቱ ወፍጮ ቤት የዋለች መስላ ወጣች። እኛም አጨበጨብን። ያጨበጨብኩበት እጄ ዛሬም ያሳፍረኛል።

2ኛ. በኅዳር ወር ስላደረጉልኝ ጉብኝት የማቀርበው ምስጋና ከሁሉ ይበልጣል። ያችኑ የእሳት ማጥፊያ በባጃጅ ይዘው መጥተው፣ ከመስታወቱ ጎን ግድግዳዬ ላይ ሰቅለው፣ እኔን በአጠገቧ አቁመው ፎቶ አነሱኝ፤ ቀጥሎም «አንድ የእሳት ማጥፊያ ተረክቤያለሁ» የሚል ቅጽ አስፈረሙኝ። ቀለሙ ሳይደርቅ ማጥፊያዋን ከግድግዳው አውርደው «የእያንዳንዳችሁ ድርሻ እስኪመጣ ነው እትዬ፣ ሌላውም ሳሎን ፎቶ ያስፈልገዋል» ብለው በመጡበት ባጃጅ ይዘዋት ሄዱ። ለምን ፈረምሽ ለሚለኝ ሰው መልሴ አጭር ነው፤ እኛ በእድር ያደግን ሰዎች ነን። የእድሩ ድስት ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ሲዞር ኖሮ፣ የጎደለበት ለቅሶ አይተን አናውቅም። ማጥፊያዋም እንደዚያ ትዞራለች፣ የቸገረው ይልክባታል ብዬ ነው የፈረምኩት። ለቅሶ ድንኳኑ እስኪተከል ይታገሣል፤ እሳት የሚታገሥ መስሎኝ ከሆነ ሞኝነቱ የእኔ ነው፣ አልክድም።

3ኛ. በጥር ወር፣ በሰርግ ሰሞን፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ገሊላ የምትባል ሙሽራ ፀጉሯን በቢጎዲን ተጠቅልላ ካስክ ውስጥ ተቀምጣ ነበር። ሄዶ የነበረው መብራት በኃይል ሲመለስ ከማከፋፈያው ብልጭታ ዘለለና ፎጣዎቹን ያዘ፤ ከፎጣው አሴቶኑን፣ ከአሴቶኑ መጋረጃውን። አብራኝ የምትሠራው ሊቺ በኦሮምኛ «ኢቢዳ! ኢቢዳ!» (እሳት! እሳት!) እያለች ለጎረቤት ሁሉ አሰማች፤ ሙሽራዋም ቢጎዲኗን እንደተሸከመች ዋናው መንገድ ላይ ወጣች። እኔ በበኩሌ በሥልጠናው መሠረት ሳልደናገጥ ማጥፊያዬን ለመፈለግ ስልክ አነሳሁ። ተጂቱ «ማጥፊያዋ ከኖፓ ወደ ኡካ ሄዳለች» አለችኝ። የኡካዋ ባለሙያ «ወደ ቡሬ ወስደዋታል» አለችኝ። የቡሬዋ ደግሞ «አቶ ዲበኩሉ ፎቶ አንስተውን ወዲያው ይዘዋት ተመለሱ» አለችኝ። እርስዎ ጋ ሦስት ጊዜ ደወልኩ፤ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ላም አለኝ በሰማይ ይሉ ነበር አባቶቻችን፤ እኔስ ላሟን ተረክቤያለሁ ብዬ ፈርሜባት ነበር።

እሳቱን ያጠፋነው በፀጉር ማጠቢያው ውኃ፣ በጎረቤት ጋቢና በሊቺ ቀኝ እጅ ነው። የሚነደውን መጋረጃ በእጇ ጎትታ ያወረደችው እሷ ናት። ሐኪሙ ሁለቱ ጣቶቿ እንደ ድሮው ይታጠፉ እንደሆነ ገና አላወቀም። ሊቺ በመቱ ሹሩባ ስትሠራ ከመፍጠኗ የተነሣ እጇ የማይታይ ልጅ ነበረች፣ አቶ ዲበኩሉ። አሁን ማንኪያ የምትይዘው በግራዋ ነው።

4ኛ. በማግሥቱ እሑድ፣ በዕረፍት ቀንዎ፣ ስለመጡ አመሰግናለሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚሉ ክፉ ጎረቤቶች ነበሩ፤ እኔ ግን ዝም አሰኘኋቸው። ጭሱ ሳይወጣ፣ ስለ ሊቺ አንዲት ቃል ሳይጠይቁ፣ ፈርሜ የተረከብኳት የእሳት ማጥፊያ በአደጋው ቦታ ባለመገኘቷ በንብረት ማጉደልና በቸልተኝነት ተጠያቂ መሆኔን አነበቡልኝ፤ ከዚያም በሩን አሸጉ። እንዲህ ያለ ፍጥነት ቅዳሜ ጠዋት ብናገኝ ኖሮ የሊቺ እጅ ዛሬ ደኅና ነበር።

5ኛ. ሰኞ ልለምንዎት ቢሮዎ ስመጣ ማጥፊያዋን ያገኘኋት እዚያው ነው። ነፋስ እንዳይዘጋብዎ በርዎን ደግፋ ቆማለች። ጎንበስ ብዬ አየኋት፤ የመለኪያዋ መርፌ ባዶ ላይ ነው። ከጥቅምቱ ጭብጨባ ወዲህ የሞላት የለም። ለካስ የፈረምኩት ለባዶ ቆርቆሮ ኖሯል፤ ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ማለት ለእኛ ቢሮ ትልቅ ዝግጁነት ነው።

ታሽጎብኝ ሥራ ስለፈታሁ ጊዜ ተረፈኝና፣ አውቶቡስ እየተሳፈርኩ፣ አውቶቡስ በሌለበት በእግሬ እየሄድኩ፣ የሙያ ጓደኞቼን ጎበኘሁ። ከመቱ የእኔን ጨምሮ ስድስት፣ ከቡሬ ሦስት፣ ከኡካ አንድ፣ ከኖፓ አንድ፣ በጠቅላላ አሥራ አንድ የተፈረመባቸው ቅጾች ቅጂ ሰብስቤያለሁ። በአሥራ አንዱም ላይ የተጻፈው የማጥፊያ ቁጥር 0417 ነው። በአሥራ አንዱም ፎቶ ላይ ማጥፊያዋ ትከሻዋ ላይ አንድ ዓይነት ስርጉዳት አላት። ቅጂዎቹ ትናንት ለበላይ አካል ገብተዋል፤ የገቢ ቁጥርም ተቀብያለሁ። በእርስዎ ሪፖርት ላይ አሥራ አንድ ማጥፊያ መታደሉ ተጽፎ ከሆነ፣ ቀሪዎቹን አሥሩን ለኮሚቴው የማቅረቡ ክብር የእርስዎ ነው።

ጾም ገብቷል፣ ይቅር በይው የሚሉኝ ደጋግ ሰዎች አሉ። እኔ ግን አልዋሽዎትም፤ ቂም ይዣለሁ። ማታ ስጸልይም፣ ጠዋት የታሸገው በሬ ጋ ቆሜ ስመለስም ይዣለሁ። የሊቺን ፋሻ በቀየርኩ ቁጥር አዲስ ይሆንብኛል። ወረቀትዎን ከበሬ አንስተው፣ ሊቺ ፊት ቆመው፣ አጥፍቻለሁ ብለው በቃልዎ ሲናገሩ ያን ጊዜ ስለ ይቅርታው እንነጋገራለን። እስከዚያ ግን ሰላምታዬን እንጂ ይቅርታዬን አይጠብቁ።

ለጥበቃዎ፣ ለፎቶዎ፣ ለማኅተምዎ ጥልቅ አክብሮቴን እየገለጽኩ፣ ዕድሜዎ እንዲረዝም፣ ረዝሞም ይህን ሁሉ ለመመለስ እንዲበቃዎት እጸልያለሁ።

የአንድ አሥራ አንደኛ የእሳት ማጥፊያ ባለቤት
ፈትለወርቅ
መቱ

ግልባጭ፦
ፈርመው ላልተረከቡ አሥር የውበት ሳሎኖች
ለሊቺ (በግራ እጇ ተቀብላለች)

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ላለፉት ሦስት ዓመታት፣ በየሁለት ሳምንቱ ሰኞ በምሳ ሰዓት፣ መጋረጃው ወርዶ ፀጉርዎንና ጺምዎን ጥቁር የምትቀባልዎት ሊቺ ነበረች። አንድም ቀን ለሰው ተንፍሰን አናውቅም፤ ምስጢር መጠበቅ የሙያችን ሕግ ነው። ሕጉን የምንጠብቅበትን ቤት አሸጉት እንጂ ዛሬም ባልተነፈስን ነበር። ከመቱ እስከ ቡሬ፣ ከኡካ እስከ ኖፓ እጇን ቀለም ነክራ የምትጠብቅዎ አንዲት ባለሙያ እንዳትኖር ተስማምተናል። ሐሙስ ዕለት ከመድረኩ ሲቀመጡ ነጩ አንድ ጣት ያህል ወጥቶ ይታያል፤ አሥራ አንዳችንም የፊት ወንበር ይዘን፣ ሊቺን መሐላችን አስቀምጠን እንጠብቅዎታለን።