ቁጥሩን የመታው እጅ

ዛሬ በክብር የምንሸኛቸው አንጋፋ መካኒክ ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1940 ዓ.ም. ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው በ1956 ዓ.ም. ጋራዥ ገቡ። ሞተር ፈተው ሲገጥሙ አንዲት ቡሎን ተርፋቸው ስለማታውቅ ባልደረቦቻቸው «ጋሼ ቡሎን» አሏቸው፤ ስሙም እናት አባታቸው ካወጡላቸው በላይ ጸናባቸው። በ1966 ዓ.ም. ትዳር መሥርተው ሦስት ልጆች አፍርተዋል። ወላጆቹን ያጣውን የባለቤታቸውን ታናሽ ወንድምም እንደ አራተኛ ልጅ አሳድገዋል።

ይህ አማቻቸው ጎልምሶ በ1984 ዓ.ም. አንዲት አሮጌ የጣሊያን መኪና ገዛ። ሁለት በር ያላት፣ ኮፈኗ ረጅም፣ ለሩቅ መንገድና ለምቾት የተሠራች ነበረች። ችግሩ ሞተሯ መሰንጠቁ ነበር። ጋሼ ከተጋጨች አምሳያዋ ሞተር አውጥተው ገጠሙላት። ሊብሬው ላይ ካለው ጋር እንዲስማማ ብለውም የሞተሩን ቁጥር በሞረድ ፍቀው የድሮውን በመዶሻ መቱበት። በጊዜው ብዙ ጋራዥ የሚያደርገው ስለነበር ሁለቱም ከቁም ነገር አልቆጠሩትም።

ዓመታት አልፈው መኪናዋ ብርቅ ሆነች። እንዲህ ያሉትን የሚሰበስቡ ሰዎች አጥብቀው የሚፈልጉት ከፋብሪካ ስትወጣ የነበራትን ሞተር ነው። በ2002 ዓ.ም. አንድ ሰብሳቢ ሊገዛት መጣ፤ ቁጥሩን በአጉሊ መነጽር አየና ረካ። የቀረው ጋሼ «ሞተሩ የራሷ ነው» ብለው እንዲፈርሙ ብቻ ነበር። አማቻቸው በዋዜማው ቤታቸው ሄዶ፣ ዕድሜ ልኩን የጠበቀው ዕድል መሆኑን ነግሮ፣ «ጋሼ፣ እባክዎ፣ ሆድ ይፍጀው» ሲል ለመናቸው። እራት ቀርቦ ማንም አልበላም።

በማግስቱ ወረቀቱ ኮፈኑ ላይ ተዘረጋ። ጋሼ እጃቸውን በጨርቅ ጣት በጣት ጠረጉ። ጋራዡ ውስጥ መዶሻ የሚያነሳ ጠፋ። እስክሪብቶውን ተቀብለው መልሰው አስቀመጡትና፣ «ይሄ ሞተር የሌላ መኪና ነው። ቁጥሩን የመታሁት እኔ ነኝ፤ አጥፍቻለሁ» አሉ።

ሰብሳቢው ወረቀቱን አጣጥፎ ሄደ። አማቻቸው በሠራተኛ ፊት የማይባል ተናግሯቸው ወጣ፤ ካፈርኩ አይመልሰኝ ብሎም ዐሥራ ሁለት ዓመት ደጃቸውን አልረገጠም። የልጃቸው ሠርግ ላይ እንኳ አልተገኘም።

ጋሼ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ለስምንት ወራት ሲታከሙ ቆይተው የካቲት 4 ቀን 2014 ዓ.ም. በተወለዱ በ74 ዓመታቸው ዐረፉ። አማቻቸው ሁለት ጊዜ እስከ ሆስፒታሉ በር ደርሶ፣ ዐይናቸውን ማየት ፈርቶ ተመልሷል። ጋሼ ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አምስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል። ይህን ታሪክ እንዲጽፍ፣ የጋራዡንም ነገር አንዲት ቃል ሳይዘል በቀብራቸው ላይ እንዲያነብ ታናሽ ወንድማቸውን ያዘዙት ባለቤታቸው ናቸው።

የማነበው እኔ ነኝ። እውነት የተናገረች ነፍስዎን ፈጣሪ በበጎ ስፍራ ያኑርልን። ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ።