የቅዳሜው አውሮፕላን ከቀረ ወዲህ

ጌታዬ፣ የልጄ አባት፣

ከተለያየን አሥር ወር ሆነን። ፊደል ያስቆጠርከኝ አንተ ነህና ጽሕፈቴ ቢንጋደድ በራስህ ፍረድ።

ሩዙ ታጭዶ ገብቷል። ቀይዋ ላም ወልዳለች። ደብሩም በአንተ ፈንታ ሌላ ቄስ አግኝቷል። ልጃችን እናኑ ግን መሞትህን እስካሁን አልሰማችም።

አትቆጣኝ። በሰው አገር ላለ ልጅ መርዶ በስልክ አይነገርም፣ በመጣች በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌ ይዘን እንነግራታለን ያሉት የነፍስ አባታችን ናቸው። እኔም እሺ አልኩ። ከምትሠራበት አገር ባሕር ዳር ድረስ በቀጥታ የሚመጣው የቅዳሜው አውሮፕላን ነበራ! አረም ስታርም ቀና ብለህ፣ የወሰዳት እሱ ያመጣታል እያልክ በመስቀልህ የምትባርከው። ለጥምቀት ልትመጣበት ትኬት ቆርጣ ነበር።

አየር መንገዱ የሩቅ አገር በረራውን ከባሕር ዳር አነሳ። በአዲስ አበባ ዞራ እንዳትመጣ፣ አሠሪዎቿ የሰጧት የጥቂት ቀን ፈቃድ ለመንገዱ እንኳ አልበቃ አለ። እኔም ውሸቴን ታቅፌ ቀረሁ። ስልክ እንደማትወድ ታውቃለች፤ ድሮም ምርቃትህን የማደርስላት እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ማሳ ወርዷል፣ ቅዳሴ ሄዷል፣ ወንዛዬ ፍል ውኃ ሊታጠብ ሄዷል እላታለሁ። በዚህ አሥር ወር ወንዛዬ የተመላለስከውን በሕይወትህ ሙሉ አልተመላለስከውም።

ባለፈው ቅዳሜ ስትደውል ጋደም ብሏል አልኳት። ባይመልስልኝም ይስማኝ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጊልኝ አለች። ማምለጫ አጣሁ። መደቡ ላይ፣ ትራስህ ላይ አኖርኩትና ላለመስማት ወደ በረቱ ወጣሁ። ጊዜው አውሮፕላኑ የሚያልፍበት ነበር። ሰማዩ ባዶ ነው፤ እኔ ግን ድምፁን ሰማሁት። ላሚቱም ቀና አለች።

ስመለስ እናኑ ታለቅሳለች። አባዬ የሸኘኝ ዕለት እንደመረቀኝ አድርጎ መረቀኝ አለችኝ። ምን እንዳልካት ልጠይቃት ፈራሁ። አንተን ፈርቼህ አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን ፈራሁህ፣ ናፈቅኩህም።

ለሙት ዓመትህ ግን ስምህን በውሸት አላስጠራም። መምጣት ባይሆንላት በስልክም ቢሆን እኔው ራሴ እነግራታለሁ። እሷ እዚያ፣ እኔ እዚህ ሆነን እናለቅስሃለን። እስትንፋሴ እስካለች ከአፌ አትጠፋም።

እስከዚያው ቅዳሜ ቅዳሜ ስልኩን ትራስህ ላይ አኖርልሃለሁ። እባክህ፣ ስትደውል መርቃት።

ባለቤትህ