ጉዳዩ፦ ዱላችን ዘመቻ ሆኖ ስለ መገኘቱ

ለክቡር አቶ ትግሉ
የአዳራሾችና የአደባባይ ዝግጅቶች ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ነቀምቴ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እርስዎንም፣ ወንበርዎንም፣ ማኅተምዎንም በሙሉ ጤና እንዲያገኝ ከልብ እመኛለሁ። ወገብዎን እንዳያምዎ፣ ዐይንዎ እንዳይደክም፣ በተለይም ከፊትዎ የሚቀርበውን ወረቀት እስከ መጨረሻው መስመር ለማንበብ የሚያስችል ብርታት እንዲሰጥዎ የዘወትር ጸሎቴ ነው። ከጥር ወር ጀምሮ ቢሮዎ ደጃፍ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ስለምቀመጥ ጤንነትዎን በየዕለቱ በዐይኔ አረጋግጣለሁ፤ ሲገቡም ሲወጡም ደህና ነዎት፤ ተመስገን።

ስሜ ጫንያለው ይባላል፤ የጨለለቂ ክፍለ ከተማ ነዋሪ ነኝ። በእርስዎ መዝገብ የምታወቀው "የዘመቻው ኃላፊ" ተብዬ ሲሆን ከዚያ በፊት ግን ጊታር ተጫዋችና ግጥም ጸሐፊ ነበርኩ። አራት ሆነን፣ ግድግዳዋን በአሮጌ ፍራሽ በሸፈንናት አንዲት ክፍል ውስጥ፣ ያለ አሳታሚና ያለ ስፖንሰር፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ እያቆምን ሲያባራ እየቀጠልን፣ በሁለት ዓመት ዘጠኝ ዘፈኖች ያሉት አልበም ሠራን። ስሙን "ዱላ" አልነው። እዚሁ ነቀምቴ አዳራሽ ውስጥ አስመርቀን፣ ከዚያም ወደ አኖና ወደ ኡኬ ይዘነው ልንሄድ አስበን፣ በጥር ወር አንዲት ገጽ ማመልከቻ ይዤ መጣሁ። ዛሬ ግንቦት ነው።

ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ የሚለውን ብሂል ስለማውቅ ይህ ክስ አይደለም፤ ለተደረገልኝ ሁሉ ምስጋናዬን በተራ በተራ ለማቅረብ ያህል ነው።

፩ኛ፣ ለትርጉም አገልግሎትዎ አመሰግናለሁ። ማመልከቻዬን የጻፍኩት በአማርኛ ነበር። እናቴ ከወሎ መጥታ እዚህ ስለወለደችኝ አማርኛውን ከቤት፣ ኦሮምኛውን ከሰፈር ተምሬ በሁለቱም አፌን ፈትቻለሁ፤ በላቲን ፊደል ስጽፍ ግን አናባቢ ያጥረኛል። ቢሮዎ ታዲያ እንዳላፍር ብሎ "የዱላ አልበም ምረቃ" የሚለውን ወደ ሥራ ቋንቋው፣ ወደ ኦሮምኛ፣ መለሰልኝ። "ምረቃ" "ኤባ" ሆነ፤ ኤባ መክፈቻም ማለት ነውና ትክክል ነው። "አልበም" የሚለው ቃል የመዝገቡ ዓምድ ስለጠበበው ቀረ። "ዱላ" ስም ነውና ሳይተረጎም ይለፍ ተባለ፤ ሲያልፍም አንዲት "ኡ" ተጨመረችለት። ነገሩ ላልገባው አንባቢ፣ እኛ ዱላ የምንለው በኦሮምኛ "ኡሌ" ነው፤ "ዱላ" የሚለውን ግን "ዱ"ን ሳብ አድርገው ካነበቡት በኦሮምኛ ዘመቻ ማለት ነው። እንዲህ ሆኖ፣ ዘጠኝ ዘፈን ይዤ የገባሁት ሰው "የዘመቻ መክፈቻ" አመልካች ሆኜ ወጣሁ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም።

፪ኛ፣ ዘመቻው የችግኝ ተከላ፣ የክትባት ወይስ የጽዳት መሆኑን በደብዳቤ እንድገልጽ ስለጠየቁኝ አመሰግናለሁ። ሙዚቃ ነው ብዬ ጻፍኩ፤ የሙዚቃ ዘመቻ በዓመቱ ዕቅድ ውስጥ አለመያዙ ተገለጸልኝ። የተሳታፊውን ብዛት ተጠየቅኩ፤ አራት ብዬ ጻፍኩ፤ በአራት ሰው ዘመቻ እንደማይወጣ ተመከርኩ። የሚያስፈልገውን የእጅ መሣሪያ እንድዘረዝር ታዘዝኩ፤ ጊታር፣ ኪቦርድ፣ ከበሮና ማይክራፎን ብዬ ዘረዘርኩ፤ አካፋና ዶማ ስላልተጠቀሱ ሰነዱ ያልተሟላ ነው ተባለ። አንድ ሌላ ባለሙያ ደግሞ ዘመቻው በማን ላይ እንደሆነ ረጋ ብለው ጠየቁኝ። እኔ ሳቅኩ። በክፍሉ ውስጥ የሳቅኩት ግን እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ከዚያ ወዲህም ሳቅ ቀንሻለሁ።

፫ኛ፣ ዘመቻው ተጠናቅቆ ሪፖርቱ እስኪቀርብ ድረስ ኃላፊው ከከተማው እንዳይርቅ የሚል የግዴታ ወረቀት ስላስፈረሙኝ አመሰግናለሁ። በዚህ የተነሳ የመጋቢቱ የአኖ ዝግጅታችን ያለ እኔ ተካሄደ። አኖ በአንድ ቀን ነው የፈቀዱልን፤ በቃል ስለጠየቅን "ኡ" የምትጨመርበት ቦታ አልነበረም። ጓደኞቼን መናኸሪያ ድረስ ሸኝቼ ረዳቱ "አኖ፣ አኖ" እያለ ሲጣራ እየሰማሁ ተመለስኩ። ኪቦርድ የሚጫወተው ጓደኛችን ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዞልኝ፣ የማላውቃቸው ሰዎች የጻፍኩትን አዝማች ተቀብለው ሲዘፍኑ ሰማሁ፤ ከዚያ ኔትወርኩ ተቋረጠ። ክቡር ሆይ፣ ከዚህ ከተማ መውጣት የምፈልገው መቼም ጥቂት ነበር፤ አትወጣም ከተባልኩ ጀምሮ ግን በደጄ በሚያልፈው የአዲስ አበባ መንገድ ዳር ቆሜ የሚወጣውን መኪና እቆጥራለሁ።

፬ኛ፣ ማመልከቻዬን ለመሰረዝ መጥቼ፣ የተጀመረ ዘመቻ የሚሰረዘው የአፈጻጸም ሪፖርት ሲቀርብ ብቻ እንደሆነ፣ ሪፖርት የሚቀርበው ደግሞ ዘመቻው ሲካሄድ እንደሆነ፣ ዘመቻው እንዲካሄድ ደግሞ ሰነዱ እንዳልተሟላ በትዕግሥት ስለተብራራልኝ አመሰግናለሁ። ስማቸውን የማልጠራቸው አንዲት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ አዝነውልኝ፣ ያቺን "ኡ" ለማጥፋት የእርስዎ ፊርማ እንደሚያስፈልግ፣ እርስዎም ከመፈረምዎ በፊት ማን እንደጨመራት እንደሚጠይቁ ነገሩኝ። ሴትዮዋ ሦስት ልጆች አሏቸው። እኔም ፊርማውን ሳልጠይቅ ተመለስኩ፤ እነሆ ሁለታችንም በአንዲት ፊደል ታስረን እንኖራለን።

እስካሁን የዘረዘርኩት የእኔ ነው፤ ይቻላል። ቁጥር የማልሰጠው ሌላ ጉዳይ አለ።

አልበሙን በድምጿ የሠራችው ሎሚ ትባላለች። አባቷ ኦቦ ጉሉማ ኡኬ የሚኖሩ ገበሬና የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ እርሳቸው ቤት መዝሙር እንጂ ዘፈን አይገባም። ልጃቸው ከመዘምራን ወጥታ ከእኛ ጋር መዝፈኗን ሲሰሙ አልጮሁም፣ አላባረሯትም። "ያልሰማሁትን አልኮንንም፤ መጥቼ እሰማለሁ። የሚያሳፍር ካልሆነ እመርቅሻለሁ፤ ከሆነ ግን ትተሽ ወደ ቤትሽ ትመለሻለሽ" አሏት። በስልክ እናሰማዎት ብንላቸው እምቢ አሉ፤ ስትዘፍን ዐይኗን ማየት፣ የሚሰማትንም ሰው ማየት ፈለጉ። ሎሚም በበኩሏ አባቷ ሳይሰሙ በሰው ፊት ላለመዝፈን ቃል ሰጠች፤ አኖም ላይ በእርሷ ቦታ ሌላ ሰው ነው የዘፈነው። አልበሙም በዚሁ ምክንያት እስካሁን አልተለቀቀም፤ ገበያው ውስጥ ባለው በሱሀይብ ሱቅ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ ሰው ፍላሽ ይዞ እየመጣ ባዶውን ይመለሳል።

እኚህ አባት ከኡኬ ሦስት ጊዜ መጡ። በየካቲት ሲመጡ አዳራሹ ተዘግቶ አገኙት፤ ይሁን አሉ። በመጋቢት መጨረሻ ሲመጡ እንደገና ተዘግቶ አገኙት፤ ደረጃው ላይ እስከ እኩለ ቀን ተቀምጠው ተመለሱ። በሚያዝያ ሲመጡ ቢሮዎ በአዳራሹ በር ላይ ማስታወቂያ ለጥፎ ነበር። ኦቦ ጉሉማ በጎልማሳነታቸው ፊደል የቆጠሩ ሰው ስለሆኑ ጣታቸውን ከቃል ቃል እያስኬዱ ነው የሚያነቡት፤ የጽሕፈት ቤትዎን ስም አነበቡ፣ የዘመቻው መክፈቻ ለሌላ ጊዜ መተላለፉን አነበቡ፣ ከሥሩ ያለውን ክብ ማኅተም በጣታቸው ነኩት። ወደ ልጃቸው ዞረው፣ ዘፈን አልሽኝ፣ ይህ ግን ዘመቻ ይላል፣ ምን ውስጥ ነው የገባሽው ሲሉ ጠየቋት። ሎሚ አስረዳች። እኔም አስረዳሁ፤ ስለ አናባቢ ማጠርና መርዘም በሁለት ቋንቋ፣ በላብ ተጠምቄ አስረዳሁ። ሽማግሌው እስከ መጨረሻው አዳምጠው ለእርሷ ብቻ መለሱላት።

"ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ሰው ይዋሻል። ማኅተም አይዋሽም።"

ክቡር ሆይ፣ በሕይወቴ ብዙ ሰው ሰድቦኛል፤ እንዲህ ያመመኝ ግን የለም። በቢሮዎ ላይ እንዲህ ያለ እምነት የጣለ ሌላ ዜጋ በመላው ወለጋ ይገኛል ብዬ አላምንም፤ የከሰረውም እርሱው ብቻ ነው።

ዘፈኑ ምን እንደሚል እንኳ የጠየቀኝ ሰው ስለሌለ እዚህ ልጻፈው። ሎሚ ትምህርት ቤት የምትሄደው ወንዝ ተሻግራ ነበር። በክረምት ወንዙ ሲሞላ አባቷ ፊት ፊት እየሄዱ ጥልቀቱን በዱላቸው እየለኩ፣ እርሷ የዱላውን ጫፍ ይዛ ከኋላ ትከተላቸው ነበር። በዚያ ዱላ አንድ ቀን መትተዋት አያውቁም።

ጎርፉ ሲያስፈራኝ፣ ወንዙ ሲሞላ፣
መሬቱን ያሳየኝ የአባቴ ዱላ።

ዘመቻው ይህ ነው።

ከእውነት ላለመራቅ የእኔንም ድርሻ ልናገር። ሎሚ ገና ከጅምሩ የአልበሙ ስም "ኡሌ" ይሁን ብላኝ ነበር፤ አባቴ የሚገባው በዚያ ነው አለች። እኔ ግን "ኡሌ" ከ"ሲሞላ" ጋር ቤት አይመታም ብዬ ተከራከርኩ፤ ረታሁም። ቤት ልምታ ብዬ የሰው ቤት አፈረስኩ። ይህ ጸጸት የእኔ ነው፤ ለቢሮዎ አላካፍለውም።

አሁን ደግሞ ባለፈው ሐሙስ የደረሰኝ ፈቃድ ላይ ልምጣ። አዎን፣ ተፈቀደልን። ደብዳቤው በሁለት ፊርማና በሦስት ግልባጭ ተዘጋጅቶ፣ ዘመቻው በመጪው ቅዳሜ በአዳራሹ ውስጥ እንዲካሄድ መፈቀዱን ይገልጻል። የመጨረሻው አንቀጽ እንዲህ ይላል፦ "ሆኖም የዘመቻውን ዓላማ የሚያደናቅፍ ማንኛውንም ሙዚቃ ማሰማት በጥብቅ የተከለከለ ነው።" የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ወረቀቱን ሲሰጡኝ ዐይናቸውን ከጠረጴዛው ላይ አላነሱም። እኔ ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ከዚያም አግዳሚው ወንበር ላይ ተመልሼ ተቀመጥኩ፤ ሌላ የምሄድበት አልታየኝምና።

ስለዚህ አዳራሽ አልጠይቅዎትም። መንገዱ ይከፈትልኝም አልልም፤ ነቀምቴ ሰፊ ናት፣ እለምደዋለሁ። የምጠይቀው አንዲት መስመር ብቻ ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የጽሕፈት ወለምታ ግን በማኅተም እንደሚታሽ አውቃለሁ። ለኦቦ ጉሉማ፣ ኡኬ፣ ተብሎ ይጻፍ፤ "ልጅዎ እውነቷን ነው፤ ነገሩ ኡሌ ነው" ይባል፤ ከሥሩ ያ ክብ ማኅተም ይረፍበት። ማን ተሳሳተ ብለው አይጠይቁ፤ እኔ ተሳሳትኩ ተብሎ ይመዝገብ፣ እፈርማለሁ፤ መፈረም ከእርስዎ ዘንድ ተምሬያለሁ። ደብዳቤውን የማደርሰው እኔ ብሆን ደስ ባለኝ ነበር፤ ኡኬ ግን ከከተማው ውጭ ስለሆነች ሌላ ሰው ይላክ።

ቢሮዎ የሚነካው ወረቀት ሁሉ እንዲሰፋ፣ ወንበርዎ እንዲጸና፣ ከበርዎ ላይ ሰልፈኛ እንዳይጠፋ እየተመኘሁ፣ በደጅዎ ተቀምጬ የምጠብቅ፣ እንዳልርቅም የፈረምኩ፣

የዘመቻው ኃላፊ
ጫንያለው
(የቀድሞ ጊታር ተጫዋች)

ግልባጭ፦ ለሱሀይብ ሱቅ መስታወት፣ ሰው ሁሉ እንዲያነበው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ሎሚ ልብሷን በአንድ ፌስታል ይዛ መጥታ ተሰናበተችኝ፤ አባቷ ወደ ቤት ተመለሽ ብለዋታል፤ በጠዋቱ የኡኬ መኪና ሄደች። እስከ መናኸሪያ እንጂ ከዚያ ወዲያ መሸኘት አልቻልኩም። ቅዳሜ ያለ ሙዚቃ እንድንሰበሰብ ያስቀመጡትን ቅድመ ሁኔታ በተመለከተ ግን ሐሳብ አይግባዎት፤ ዘፋኛችን ስለሄደች ለማክበር አንቸገርም።