ያልነበሩ ዘመዶች

ውድ መዝገቡ፣

«ውድ» ያልኩህ ወድጄ አይደለም፤ ደብዳቤ እንደዚህ ስለሚጀመር ነው። ስድቡን ላስቀድም አስቤ ነበር። ግን አሥራ አንድ ዓመት ቃለ ጉባኤ የጻፈ እጅ ሲናደድም ሰላምታ ያስቀድማል።

አድራሻህን የሰጠችኝ እህትህ ናት። «ተይው፣ አሞታል» አለችኝ። ምኑን እንዳመመህ አልጠየቅኳትም። «እንዴት ነው?» ለማለትም ትንሽ ደግነት ያስፈልጋል፤ እኔ ዘንድ ለአንተ የሚሆን አልቀረም።

አሁን የምጽፍልህ ከቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት፣ ከዚያው ከረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ነው። የትውልድ ሐረግ ማኅበራችን ሃያ ሦስት አባላት የነበሩት ጊዜ ትዝ ይልሃል? ጡረተኛው ፖስተኛ የመቃብር ድንጋይ ጽሑፍ ይገለብጣል፤ መድኃኒት ቀማሚዋ የድሮ ፎቶግራፎችን ጀርባ በማጉያ መነጽር ታነባለች፤ ሊቀ መንበራችን የጂኦግራፊ መምህሩ ስብሰባ ይከፍታል፣ ያንቀላፋል፣ ስብሰባ ይዘጋል። አንተ ሰዓት ሠሪው ግን የሥራ መስታወትህን ዓይንህ ላይ ተክለህ ሌላው ያቃተውን የደበዘዘ ቀለም ታነባለህ። የማን ልጅ ማንን እንዳገባ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደሞተ፣ ስትጠየቅ ከአፍህ ዱብ ዱብ ይል ነበር። «መዝገቡ» ያልንህም ለዚሁ ነው። ቅዳሜን በጉጉት የምጠብቀው ለሙታኑ ስል ብቻ አልነበረም። አሁን ብነግርህ ምን ይጎዳኛል? ታውቀው ነበር፤ እያወቅክ ዝም አልክ። ዝምታ ላይ ማንም እንደማይደርስብህ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ጋጋሪዋ የመጣችበትን ቀን እንዳልረሳኸው አውቃለሁ። ስልሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ዳቦ ቤት ፈረቃዋን ጨርሳ፣ ቅንድቧ ላይ ዱቄት እንዳለ፣ በሩ ላይ ቆመችና «ዘመድ የሚፈለገው እዚህ ነው?» አለች። ፖስተኛው «ከዘመድ ሸሽተን የመጣንም አለን፣ ግቢ» ብሎ አሳቃት። ያደገችው በሕፃናት ማሳደጊያ ነው። በእጇ ያለው አንድ ወረቀት ብቻ ነበር፦ ሴት ሕፃን፣ ዕድሜ አምስት ወር ገደማ፣ አውቶቡስ መናኸሪያ ወንበር ላይ የተገኘች። «የእናቴን ስም ብቻ ብታገኙልኝ ይበቃኛል» አለች። አንተ ወረቀቱን ከእጇ ተቀበልክና «ለእኔ ተዉት» አልክ።

አሥር ወር ቆየህ። ከዚያ በዓመታዊው ዐውደ ርእያችን ላይ የስድስት ትውልድ ሐረግ በትልቅ ወረቀት ስለህ ሰቀልክላት። አባቷ አናጢ፣ አያቷ ድልድይ ጠባቂ፣ እናትም አላት፣ ታላቅ ወንድምም አላት። ሁሉም አልፈዋል፣ የቀረ ሰው የለም አልካት። እሷ ወረቀቱን በጣቷ ጫፍ እየነካካች ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ስታነብ እኛ አጨበጨብን። ከሥሩ «ተረጋግጧል» የሚለውን ማኅተም የመታሁት እኔ ነኝ። ምን አይቼ መታሁ? የአንተን ፊት አይቼ።

የሰው ሆድ ግን «የቀረ የለም» ስለተባለ አያርፍም። ጋጋሪዋ ከአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ጀምራ ሰው በሰው ስትጠይቅ፣ በሦስት ሰዓት መንገድ ላይ ባለች ከተማ ያ ወንድም የተባለው ሰው አናጢ ቤት ከፍቶ እንደሚኖር ደረሰችበት። እናትየውም አልሞቱም። ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው። እየሮጠች ወደ እኔ መጣች። ወደ አንተ ያልመጣችው ለምን ይመስልሃል? «ለመዝገቡ አሁን አንነግረውም። ተገናኝተን ስንመለስ እንነግረዋለን፤ እንዴት ደስ እንደሚለው!» አለችኝ። ልታስደስትህ ነበር፣ ገባህ?

አብሬያት ሄድኩ። አዲስ ጫማ ገዝታ ነበር፤ ተረከዟን ልጦታል። ሦስት ሰዓት ሙሉ የጠየቀችኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው።

«እማዬ ልበላቸው ወይስ እናቴ? እማዬ ለእኔ ዕድሜ አያሳፍርም?»

«እማዬ በዪያቸው» አልኳት።

በሩን የከፈተው ልጃቸው ነው፤ ፀጉሩ ላይ የእንጨት ብናኝ አለ። የማኅበሩን ወረቀት ሰጠሁት። አነበበ፣ ደግሞ አነበበ፣ ከዚያ ጋጋሪዋን ከእግር እስከ ራሷ አያት። «ይህቺ ስሟ እዚህ ያለው...» ብሎ ሳይጨርስ፣ ከውስጥ ከመስኮቱ ሥር አሮጊቷ «ማነው?» አሉ። ጋጋሪዋ እሱን አልፋ ገባች። ወንበራቸው አጠገብ በርከክ አለችና «እማዬ» አለች።

ልጃቸው ወረቀቱ ምን እንደሚል ነገራቸው። አሮጊቷ «ዞር በዪ» አሏት። ፀጉሯን በጣቶቻቸው ገለጥ አድርገው ከግራ ጆሮዋ ኋላ ተመለከቱ። ከቀኙም ተመለከቱ። እንደገና ከግራው። ሴት ልጃቸው እዚያ ጋ ጥቁር ምልክት ነበራት። ያን ጊዜ ፊታቸውን አየሁት፣ መዝገቡ። ስልሳ ዓመት የሞተች ልጅ ለግማሽ ደቂቃ ያህል በሕይወት ነበረች። ከዚያ እጃቸውን አነሡ።

«ልጄን በእነዚህ እጆቼ አጥቤ፣ በእነዚህ እጆቼ ገንዤ ነው የሸኘኋት» አሉ። «አራት ወሯ ነበር፤ ትኩሳት ነው የወሰደብኝ። ምን አድርጌያችሁ ነው ደግማችሁ የምትገድሉብኝ?»

ልጃቸው «ውጡልኝ» አለ። ጮኾ አይደለም። ቢጮኽ ይሻለኝ ነበር።

ስንመለስ ጋጋሪዋ ጫማዋን አውልቃ ጭኗ ላይ ይዛ ተቀመጠች። ከተማችን ልንገባ ስንል «ሰውዬው ያውቅ ነበር?» አለችኝ። እኔ ምን እንዳልኳት ልንገርህ? «አያውቅም፤ ተሳስቶ ነው፤ የስም መመሳሰል ነው» አልኳት። አፌን ሞልቼ ተሟገትኩልህ።

ሰኞ ጠዋት ወደዚያው ከተማ ተመልሼ መዝገብ ቤት ገባሁ። የልጅቷን የልደት መዝገብ አየሁ፤ እውነት ነው፣ አለ። የሞት መዝገቡንም ጠየቅኩ፤ እሱም አለ፣ ቀኑ፣ ሕመሙ፣ ሁሉም። መዝገብ ጠባቂው «ይህችን ሕፃን ሰው ወደዳት መሰል፤ ባለፈው ዓመትም አንድ ሰው አስወጥቷት ነበር» ብሎ የጠያቂዎችን ደብተር ዘረጋልኝ። ፊርማህ ነው። ያ ጅራቱ የሚጠመዘዝ ፊርማህ። የሞት መዝገቡን አስወጥተህ፣ አንብበህ፣ መልሰህ አስረክበህ ወጥተሃል።

ከአውቶቡስ ወርጄ በቀጥታ ሱቅህ መጣሁ። የሰው ሰዓት ከፍተህ ተቀምጠህ ነበር።

«የሞት መዝገቡን አንብበሃል» አልኩህ።

መስታወቱን ከዓይንህ ሳታወርድ «አንብቤያለሁ» አልክ።

«እና?»

«አሥር ወር ፈለግኩላት። የለም። ወንበር ላይ የተተወ ልጅ መዝገብ የለውም። ባዶ እጇን ልመልሳት?»

«አዎ! ባዶ እጇን መልሳት!»

«አንቺ እኮ ሰው ወደ እኛ የሚመጣው እውነት ፍለጋ ይመስልሻል» አልከኝ፤ ድምፅህ ልጅ እንደሚያባብል ሰው ለስለስ ብሎ። «የሚጠጋበት ሰው ፍለጋ ነው የሚመጣው። ሰጠኋት። አንቺ ይዘሻት ባትሄጂ ኖሮ ደስ እንዳላት ትኖር ነበር።»

እኔ ይዣት ባልሄድ! ጥፋቱ ዞሮ ዞሮ የእኔ ሆነ! ደሜ ፈላ። ጠረጴዛህ ላይ የነበረውን ትሪ በክንዴ ጠርጌ ጣልኩት። የሰዓቱ ብሎን፣ ባለጥርሱ ጎማ፣ የሞላው ሽቦ ወለሉ ላይ ተበተነ። አንተ ምን አደረግክ? ተንበርክከህ መልቀም ጀመርክ። በዚያች አሮጊት ፊት ያልተንበረከክህ ሰው ለብሎን ተንበረከክህ። «ሌላስ ስንት ሰው ነው?» አልኩህ። ብሎንህን ትለቅማለህ። ከሁለት ቀን በኋላ ሱቅህ ተዘጋ፤ ከቤተ መጻሕፍቱ በር ሥር የሁለት መስመር መልቀቂያ ተገኘ። «በግል ምክንያት»። እንዴት ያለ የሚያምር የእጅ ጽሑፍ!

ስንት እንደሆነ አንተ ባትነግረኝም ቆጠርነው። ፖስተኛው፣ መድኃኒት ቀማሚዋ፣ አንድ አዲስ አባልና እኔ ሆነን የሠራሃቸውን አርባ አንድ ማኅደሮች እያንዳንዱን መስመር ከመዝገብ ጋር አስተያየን። ሰባት ሳምንት ፈጀብን። አሥራ ሰባቱ ውሸት ናቸው። ሃያ አራቱ ደግሞ እንከን የላቸውም፤ እኔን ይበልጥ ያናደደኝ ይሄ ነው። ትችል ነበር። ያቃተህ ቦታ ስትደርስ ብቻ ነው የምትፈጥረው።

አሥራ ሰባቱንም ቤት አንኳኳን። አንዱ ሹፌር ሐረጉን በመስታወት አስገብቶ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል። ነገርነው። ረጅም ጊዜ አየውና «እኔ ዛሬ ቤት አልነበርኩም፤ እናንተም አልመጣችሁም» ብሎ በሩን ዘጋብን። አንዷ ሳቀች፤ «ድሮም አያቴ ዳኛ ነበር ሲባል ጠርጥሬያለሁ፤ እኛ ቤት ሁለት ሰው ማስታረቅ የሚችል የለም» አለች። አንዱ ሽማግሌ ግን ወንበር ስበው ቁጭ አሉና «አሁን ለልጆቼ ምን ልበል?» አሉ። ከዚያ በኋላ ፖስተኛው ራሱ ለሁለት ቅዳሜ አልመጣም።

ማኅበሩን እንዝጋው የሚሉ ነበሩ። በዚያ ስብሰባ ሊቀ መንበራችን አልተኛም፤ ይህን ያህል ነው ነገሩ። ፖስተኛው ተነሥቶ «አንድ ሰው ዋሸ፤ ሃያ ሁለታችን አጨበጨብን። ደስ ስላለን አልመረመርንም» አለ። እውነቱን ነው። ዛሬ አሥራ አራት ቀርተናል። ማንም ሐረግ ቢሠራ ሁለት ሰው መዝገቡን ሄዶ ሳያይ አይጸድቅም፤ መጀመሪያ የሚታየው ደግሞ የሞት መዝገብ ነው። ይህን ሕግ ያቀረበችው ጋጋሪዋ ናት። አዎ፣ አልለቀቀችም። «እዚህ ያለሁት ዘመድ ስላገኘሁ አይደለም» አለችን። «በሌላ ሰው ወረቀት ዓይኔ እያየ ማንም እንዳይጫወት ነው።» አሮጊቷ ዘንድም ተመልሳ ሄዳ ነበር፣ ብቻዋን፣ ይቅርታ ልትጠይቅ። አንተ ልትጠይቀው የሚገባህን ይቅርታ! አናጢው ከበር አስገብቷት እንደሆነ አልነገረችኝም፤ እኔም ደፍሬ አልጠየቅኳትም።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ፤ ደብዳቤውን ያስጻፈኝ እሱ ነው።

የመጀመሪያው ማኅደርህ የእኔ ነው። አባቴ ታሞ በተኛበት ዓመት የእሱን ወገን ሐረግ ሠርተህ አመጣህለት። ቅድመ አያቱ አዋላጅ ነበሩ፤ ወንዝ ሞልቶ ሳለ ገመድ ይዘው ተሻግረው፣ ልብሳቸው እንደረጠበ መንታ አዋለዱ ብለህ አነበብክለት። አባቴ ያን ያህል ሲስቅ ካየሁት ብዙ ጊዜ ሆኖ ነበር። «ይሄ ግትርነት ከየት እንደመጣብን አሁን ገባኝ» አለ። በወሩ ሞተ። እኔ በዓመቱ ሴት ልጅ ወለድኩ፤ የአዋላጇን ስም አወጣሁላት።

ያ ማኅደር ከአርባ አንዱ ውጭ ነው፤ ከአሥራ ሰባቱ ወገን ይሁን ከሃያ አራቱ ማወቅ አልቻልኩም። የዚያ አካባቢ መዝገብ በጎርፍ ተበላሽቷል፤ ገጾቹ ተጣብቀው እንደ ጡብ ሆነዋል፤ በዓይኔ አይቻቸዋለሁ። አንተ ያየሃቸው ከጎርፉ በፊት ይሁን በኋላ እንኳ የሚመሰክር የለም። በዓለም ላይ የሚያውቀው አንድ ሰው ነው፤ እሱም ሸሽቷል። ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በሚቀጥለው ወር ክፍሏ ውስጥ ስለ ስሟ እንድትናገር ታዝዛለች። ገመድና ወንዝ እየሳለች ነው። «እማዬ፣ ወንዙ ምን ያህል ይሰፋ ነበር?» ትለኛለች። «ቆይ» እላታለሁ። በገዛ ልጄ ፊት ዓይኔን የማሳርፍበት ቦታ አሳጣኸኝ!

ከዚህ ጋር የሐረጌን ቅጂ ልኬልሃለሁ። በእያንዳንዱ ስም ፊት ባዶ ሳጥን አለ። በመዝገብ ያየኸው ላይ «አለ»፣ ከራስህ ያወጣኸው ላይ «የለም» ብለህ ጻፍ። ሌላ ምንም አትጻፍ። ምክንያት አልፈልግም። ይቅርታም አልፈልግም፤ አሳምረህ እንደምትጽፈው አውቃለሁ። ሴትየዋ ካልነበሩም አልነበሩም በል። ልጄን ስሟን አልቀይርባትም፤ ዘጠኝ ዓመት የኖረችበት የራሷ ነው። ወንዙን ግን አልሰጣትም፣ ከሌለ።

መልስህ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልደረሰኝ «አላውቅም» እላታለሁ። አየህ፣ እንደዚህ ነው የሚባለው። ጋጋሪዋ ያን ቀን ቅንድቧ ላይ ዱቄት ይዛ ፊትህ ስትቆም ይህችን አንዲት ቃል ብትላት፣ ታለቅስ ነበር፣ ፖስተኛው ያሳቃት ነበር፣ ከዚያ ወደ ቤቷ ትሄድ ነበር።

ባለ ሳጥኑን ወረቀት እጠብቃለሁ። አንተን አልጠብቅም።

የማኅበሩ ጸሐፊ